ምን አለች?

ታቢታ ቤት ድምፅ የሚገባው በመዳፍ ነው። በር ሲመታ፣ ድመት ቆርቆሮ ላይ ስትሮጥ፣ ዝናብ ሲጀምር ባሏ ዮሴፍ ግራ እጁን ይዘረጋና «ምን አለ?» ይላል። እሷ ደግሞ በሌባ ጣቷ መዳፉ ላይ ትጽፍለታለች። በሩ ቋ ካለ «ቋ» ብላ፣ ድመቷ ኮሽ ካለች «ኮሽ» ብላ፣ ዝናቡ ዷ ብሎ ከወረደ «ዷ» ብላ። ረጅም ነገር መጻፍ አትወድም፤ ብትወድም አትችልም፣ ትምህርቷን የተወችው ከአራተኛ ክፍል ነው። ደግነቱ ድምፅ አጭር ነው። በአንድ ፊደል ያልቃል፣ ቢበዛ በሁለት።

አንዳንዴ ፊደሉን ታበላሸዋለች። የማዕበል ሰሞን ከሐዋሳ ሐይቅ የተነሣ ነፋስ የጎረቤትን በር ገነጣጥሎ ጓ ሲያደርገው የ«ጓ»ን እግር ረስታ «ጋ» ብላ ጻፈችለት። ዮሴፍም እየሳቀ «ማን ጋ?» አላት። ከዚያ ወዲህ ነገር ሁሉ «ጋ» ሲል መኖር ሆነ፣ ጎማ ሲፈነዳም ጋ፣ ድስት ሲወድቅም ጋ። ሁለት ሰው ብዙ ዘመን አብሮ ሲኖር እንዲህ ያለ የራሱ ቋንቋ ያበጃል፤ ለሌላ ሰው ቢነግሩት አያስቅም።

ዮሴፍ ሲወለድ ጆሮው ደህና ነበር። የበላው ወፍጮው ነው። ከሐዋሳ ወጣ ብሎ ቱላ መንገድ ዳር ያለው ወፍጮ ቤት ከጎረምሳነቱ ጀምሮ ሲሠራ የኖረበት ነው። ወፍጮ ቤት የገባ ሰው ያውቀዋል፣ እዚያ ውስጥ ሰው በአፉ አያወራም፣ በእጁና በቅንድቡ ነው የሚያወራው። መጀመሪያ ከጆሮው የሄዱት ቀጫጭኖቹ ናቸው፤ ሲጥ የሚለው፣ ቅጭል የሚለው፣ ሹክ የሚለው። ታቢታ ማታ ስታንሾካሹክለት መልስ እያጣች አኩርፎኛል ብላ ስንት ቀን አኮረፈች። ቀጥሎ የሰው ድምፅ ሄደ። ጓና ድም የሚሉት ትንሽ ቆዩ፤ እነሱም በኋላ በጆሮው መምጣት ትተው በደረቱ ብቻ ይመጡ ጀመር። ሐኪሙ ነርቩ ነው፣ ጆሮ ላይ የሚሰካው መሣሪያም አይረዳውም አለ። ዮሴፍ ሐኪሙ ያለውን አልሰማም፤ ታቢታ ናት ከክፍሉ ወጥተው በረንዳው ላይ ቆመው የነገረችው።

ለወሬ ለወሬማ የታቢታን ከንፈር ማየት ለምዷል። እንጀራ ቀርቧል፣ ሰው መጥቷል፣ ልጅህ ፊልሞን ደውሎ ነበር፣ ይህን ሁሉ ከከንፈሯ ያነበዋል። ዝናብ ግን ከንፈር የለውም። በርም ቢሆን ከንፈር የለውም። ለዚህ ነው መዳፉ ያስፈለገው።

ነገሩን ሲጀምሩ አንድ ቃል አስገብቷታል። እንዲህ ነበር ያላት፦

«ሰው ያወራውን ብትመርጪልኝ ግድ የለኝም። ሰው ዛሬ ያለውን ነገ ይለውጠዋል። ድምፅ ግን እንዳለ ስጪኝ። እሱንም ካሳመርሽልኝ የቆምኩበትን አላውቅም።»

ታቢታ ደግሞ ቃል ከገባች ገባች ነው። ቆጮና ቡላ የምትሸጥበት ገበያ ውስጥ ያሉ ሴቶች ያውቋታል፤ ዋጋ ከተናገረች ወዲያ ገዢው ቢሄድም አትጠራውም፣ ቢመለስም አትቀንስም። አንድ እሑድ ጸሎት ቤት መዝሙር እየተዘመረ ዮሴፍ ከሰው ሁሉ ተለይቶ ዜማውን ሳተ፤ ድምፁን ስለማይሰማው ጮክ ብሎ ነበር የዘመረው። ከኋላ አንዲት ልጅ ኪኪኪ አለች። ዮሴፍ የሰውን ፊት አየና እጁን ዘረጋ። ሌላ ሚስት ብትሆን ምንም አላሉም ትላለች። ታቢታ «ኪኪ» ብላ ጻፈችለት። ማን እንደሆነች ሲጠይቃት በአገጯ ሦስተኛውን ወንበር አሳየችው። እሱም ዞሮ ለልጅቷ እጁን አውለበለበላትና መዝሙሩን ቀጠለ። በዚህ የተነሣ አንዳንድ ሰው ታቢታ ልበ ደረቅ ናት ይላል። ይበል።

አሁን የእናቱን ነገር ልንገራችሁ፤ ዋናው እሱ ነው።

የዮሴፍ እናት እማማ ፀሐይ ይባላሉ። ባላቸው በመንግሥት ሥራ ተዛውረው ከመንዝ ሲመጡ አብረው መጥተው ሐዋሳ ቀሩ፤ ባላቸውም እዚሁ አረፉ። ቤታቸው ባህል አዳራሽ በኩል ነው፣ ግቢው ውስጥ አንድ ትልቅ ዛፍ አለ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እየመጡ ይሰፍሩበታል። የሚኖሩት ከታናሽ ልጃቸው ከራሔል ጋር ነው። ራሔል የተማሪ ዩኒፎርም የምትሰፋ፣ አፏ ፈጣን፣ ልቧ ግን ገር የሆነ ሴት ናት።

ዮሴፍ ታቢታን ሲያገባና የእናቱን ቤተ ክርስቲያን ትቶ ወደ እሷ ጸሎት ቤት ሲሄድ እማማ ፀሐይ አልጮኹም። አልረገሙትም፣ በርም አልዘጉበትም። ያደረጉት አንድ ነገር ነው፤ ምርቃታቸውን ከለከሉት።

ይህ ትንሽ ነገር የሚመስለው ሰው እማማ ፀሐይን ስለማያውቅ ነው። በሠፈሩ ፈተና የደረሰባት ልጅ፣ መንገድ የሚሄድ ሾፌር፣ ልትወልድ የቀረበች ሴት ሁሉ እሳቸው ፊት አንገቱን ሳይሰብር አይሄድም ነበር። ሲመርቁ ድምፃቸው ይለወጣል፣ ከሆዳቸው ነው የሚወጣው፣ ረጅም ነው፣ ሰውዬውን ከእግር ጥፍሩ እስከ ራስ ጠጉሩ ያዳርሱታል። የታቢታን ልጆች ሳይቀር መርቀዋል። ዮሴፍ ግን በየበዓሉ ይመጣል፣ ጉልበታቸውን ይስማል፣ እሳቸውም ጉንጩን ይስሙታል፣ ብላ ጠጣ ይሉታል፣ ስለ ሥራው ይጠይቁታል። ሊሄድ ተነሥቶ አንገቱን ዝቅ ሲያደርግላቸው ዝም ይላሉ። እሱ አሜን ለማለት የከፈተውን አፉን ይዘጋና ይወጣል። ዓመት ይመጣል፣ ዓመት ይሄዳል፣ እንደዚያው ነው። ጆሮው ከጠፋ በኋላ እንኳ አንገቱን ዝቅ አድርጎ እጁን ወደ ታቢታ ይዘረጋ ነበር። «ምን አለች?» ታቢታም «ዝም» ብላ ትጽፍለታለች። ምን ታድርግ፣ ዝምም ይባላል እኮ። እኛ ስንናገር ዝናቡም አለ፣ በሩም አለ፣ ዝም ያለ ሰውም ዝም «አለ» ነው የምንለው። ያላለ ነገር የለም።

ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ እማማ ፀሐይ ጓሮ ልብስ ሊያሰጡ ወጥተው ዱብ አሉ። ስትሮክ ነው ተባለ። ቀኝ ጎናቸውን ያዘው፣ አፋቸውን አጣመመው፣ ምላሳቸውን አሰረው። ሆስፒታል ሰንብተው ከዚህ በላይ የምናደርገው የለም ተብለው ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

ዮሴፍ ወፍጮ ቤቱን ለሥራ ባልደረባው ለኩማ ትቶ በየቀኑ ከቱላ እየሄደ አልጋቸው አጠገብ ይቀመጥ ጀመር። ታቢታም ቆጮዋን ለጎረቤቷ ለሙሉዬ ሰጥታ አብራው ትሄዳለች። የማይሰማ ልጅና የማይናገሩ እናት ተፋጥጠው ሲውሉ አስቡት። በመካከላቸው ያለችው የታቢታ ጣት ናት። እማማ ፀሐይ እህ ካሉ «እህ» ትጽፋለች። እምም ካሉ «እምም»። ሲጠጡ ውኃው ትን ካላቸው «ትን»። ዮሴፍ እያንዳንዱን ተቀብሎ የእናቱን ፊት ያያል፣ ፊታቸው ግን ጠምሟልና አይነበብም።

የፈለገው ምን እንደሆነ ለማንም አልጠፋም። ሳይመረቅ ሊቀር ነው። ምላሷ የታሰረ እናት እንዴት ብላ ትመርቃለች? አንድ ቀን ባጃጅ ውስጥ ሆነው ወደ ቤት ሲመለሱ ለታቢታ ነግሯታል። ድምፁን መቀነስ ስለማይችል የነገራት ለባጃጁ ልጅም ጭምር ነው። ሳትመርቀኝ ከሄደች ጎደሎ ሆኜ እቀራለሁ አለ። እሷ ታውቅ ይሆናል፣ በልቧ መርቃኝም ይሆናል፣ ግን በልብ የተባለ ነገር እኔ ጋ አይደርስም አለ።

ራሔል ይህን ስታይ ከራርማ አንድ ቀን ታቢታን ወደ ጓሮ ጠራቻት። ያወሩት ልብስ ማጠቢያው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነው። ራሔል መጀመሪያ ዙሪያውን ሄደች፤ ስለ መድኃኒቱ፣ ስለ አልጋ ቁስል፣ ወንድሟ እየከሳ ስለ መሄዱ አወራች። ኋላ ላይ አወጣችው።

«አንድ ቃል ናት፣ ታቢታ። እማዬ አንድ ነገር ስትል ጠብቀሽ ‹ተባረክ› ብለሽ ብትጽፊለት ምን ይጎድልብሻል?»

«አላሉማ።»

«ማን ያውቃል አላለችም? የምትለው አይለይ።»

«እህ ይላሉ፣ እምም ይላሉ። ተባረክ አላሉም።»

«ደስ ብሎት ይደር እንጂ! አንቺ ግን ሁሉ ሰው ከጭቃ ሲሠራ አንቺን በሲሚንቶ ነው እንዴ የሠሩሽ?»

«ይሆናል፤» አለች ታቢታ። «ለዚህ ነው ወንድምሽ ተደግፎኝ የቆመው።»

ራሔል ሳትፈልግ ሳቋ መጣ፣ ወዲያው ደግሞ እንባዋ መጣ። ዮሴፍ በመስኮት ሁለቱን አይቷቸው ኖሮ ምን እንደሚያወሩ በምልክት ጠየቀ። ታቢታ ከንፈሯን ገልጣ «ስለ ሲሚንቶ» አለችው። እሱም ግራ ተጋብቶ ወደ እናቱ ዞረ።

እውነቱን ለመናገር የራሔል ነገር ከታቢታ ራስ አልወጣም። ስለ ከባድ ነገር የምታስበው እጇ ሥራ ይዞ ሲሆን ነውና በማግሥቱ ለቤት የሚሆነውን ቆጮ በቢላ ስትከትፍ፣ ከች ከች ከች እያደረገች፣ አሰበችበት። አምስት ፊደል እንኳ አይሞላም። እማማ ፀሐይ ተነሥተው አላልኩም አይሉ። ዮሴፍም ቀሪ ዕድሜውን የሚበላው ነገር ይኖረዋል። ከዚያ ደግሞ ወደ ሌላው ሄደች። ይህችን አንዲት ቃል ከጨመረች፣ ከዚያ ወዲያ ዝናቡ ዷ አለ ስትለው የትኛው ዝናብ ነው? በሩ ቋ አለ ስትለው የትኛው በር ነው? ለሱ ዓለም ላይ የቀረችለት ጆሮ አንዲት ናት፤ እሷንም አጭበርባሪ ልታደርግበት ነው። ቢላውን አስቀመጠች። አልሆነላትም።

የመጨረሻው ቀን ቅዳሜ ነበር፣ ከሰዓት። ጠዋት የነፍስ አባታቸው መጥተው ጸልየውላቸው፣ ጠበል ረጭተውላቸው ሄደዋል። ዮሴፍ በዚያ ጊዜ በራፉ ላይ ባርኔጣውን አውልቆ ቆሞ ነበር፤ አባ ሲወጡ ትከሻውን ነካ አድርገውት አለፉ። እማማ ፀሐይ ከዚያ ወዲህ ዓይናቸውን ገልጠው ጣሪያውን ያያሉ። ትንፋሻቸው ግን መንገድ ስቶ ነበር፤ ኸርር ይላል፣ ይቆማል፣ ይጠፋል፣ ከዚያ ደግሞ ከየት መጣ ሳይባል ይመለሳል። ታቢታ ኸርርን ጽፋለታለች። መቆሙንም ጽፋለታለች።

ራሔል የስፌት መኪናዋን ካቆመች ሰንብታለች። እግርጌ ተቀምጣ የእናቷን እግር በነጠላ ጠቅልላ ይዛለች።

ዮሴፍ ድንገት ከወንበሩ ወርዶ ተንበረከከ። የእናቱን ግራ እጅ፣ ያልሞተውን እጅ ያዘ። የተናገረውን ጎረቤት ሁሉ ሰምቶታል፣ አጥሩ ቆርቆሮ ነው፣ የሱም ድምፅ ልክ የለውም።

«እማዬ፣ ታቢታን አልተውኳትም፣ አልተዋትም። ጸሎት ቤቴንም አልተውም። ትቻለሁ ብዬ በመጨረሻሽ ልዋሽሽ አልመጣሁም። እንዳለሁ ነኝ። እንዳለሁ ትመርቂኛለሽ?»

ይህን ብሎ ግንባሩን ፍራሹ ላይ ደፋ። መልሱን ለማየት አልደፈረም፣ ወይ ደግሞ የጠመመ አፍ ምን ያሳየኛል ብሎ ይሆናል። ግራ መዳፉ ግን ወደ ኋላ፣ ወደ ታቢታ፣ እንደ ተዘረጋ ነው።

ውጭ ዛፉ ላይ አንዱ አባ ኮዳ አፉን ቀቀቀ አድርጎ ተወ። እማማ ፀሐይ ዓይናቸው ጣሪያው ላይ ነው። ታቢታ ጎንበስ ብላ አፋቸው አጠገብ ናት። ከንፈራቸው በደህናው በኩል ትንሽ ተከፈተና አየር ወደ ውስጥ ሳቡ። አጭር ናት፣ ፈጠን ያለች ናት። ከዚያ ደረታቸው ቀስ ብሎ ወረደ።

ታቢታ ሌላ ትንፋሽ እስኪመጣ ጠበቀች። አልመጣም። አሁንም ጠበቀች።

«እሺ አለችው፤» አለች ራሔል ከእግርጌ፣ ሹክ ብላ፣ ዮሴፍ የሚሰማት ይመስል። «ሰምቻታለሁ። እሺ አለችው። ጻፊለት።»

ይህችን ድምፅ እኛ አገር አብዛኛው ሰው ያውቃታል። ሰው ሲያወራን አዎ ለማለት፣ እሺ ለማለት፣ እየሰማሁህ ነው ለማለት አፍ ሳንከፍት አየር ወደ ውስጥ ሳብ እናደርጋለን። እንግዳ ሰው ሲሰማት ደነገጡ ይላል። ታቢታ ራሷ እናቷ ቤት ስታድግ እንዲህ የሚል ሰው አልነበረምና አዲስ ሙሽራ ሆና እማማ ፀሐይ ቤት በገባች ጊዜ ጉድ ሠርታለች። እሷ ስለ ገበያው ስታወራ እሳቸው ሳብ አደረጉ፤ ክው አሉ ብላ ዝም አለች። ደግማ ጀመረች፣ ደግመው ሳቡ፤ አጥንት ነው ያነቃቸው ብላ ተነሥታ ጀርባቸውን መታ መታ አደረገቻቸው። ቤቱ በሳቅ ሞተ። እማማ ፀሐይ ራሳቸው እንባቸው እስኪፈስ ስቀው፣ «አይ የኔ ልጅ፣ እሺ ማለቴ ነው እኮ» አሏት። የኔ ልጅ ያሏት ያን ቀን ብቻ ነው።

ስለዚህ ታቢታ ይህችን ድምፅ ታውቃታለች። አሁን የሰማችው እሷን ይመስላል። አጭርነቷም፣ ፍጥነቷም ያ ነው። ግን ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ትንፋሻቸው እየተቆረጠ ሲመጣና ሲሄድ ነው የዋለው። ሰው ሲሞት የመጨረሻውን አየር አንዴ ሳብ ያደርጋል፣ አይታለች፣ እናቷም እንደዚያው ነበሩ። የቱ ነው?

ዮሴፍ ራሱን ቀና አደረገ። ገና የእናቱን ፊት አላየም፣ የሚያየው ታቢታን ነው።

«ምን አለች?»

መዳፉ ተዘርግቷል። ታቢታ ጣቷን አስቀመጠች። «ህ» ብላ ጻፈች። ወዲያው በእጇ ጠረገችው፤ ህ ያዘነ ሰው የሚለው ነው፣ ወደ ውጭ ነው። «እ» ብላ ጀመረች፣ እሱንም ጠረገችው። ያን ጊዜ ነው የገባት። ይህች ድምፅ ፊደል የላትም። ሀ ብትል፣ ለ ብትል፣ ጓ ብትል፣ የተማረችው ሁሉ፣ ያልተማረችውም ሁሉ፣ ከአፍ ወደ ውጭ የሚወጣ ነው። ወደ ውስጥ ለሚገባ ማንም ፊደል አልቀረጸለትም።

«ምን ትሰርዣለሽ?» አለ ዮሴፍ። «ምን አለች፣ ታቢታ?»

«እሺ በይው፤» አለች ራሔል። «ስለ እመቤቴ ብለሽ፣ ሁለት ፊደል ናት።»

ታቢታ ለራሔል አልመለሰችላትም። መሬት ላይ ከባሏ ጎን ቁጢጥ አለችና እጁን ይዛ መዳፉን አፏ ላይ አደረገች፣ ከንፈሯ እንዲነካው፣ አፍንጫዋ እንዲነካው። መጀመሪያ ዝም ብላ ተነፈሰች፣ እጁ እንዲሞቅ። ከዚያ አየሩን ወደ ውስጥ ሳብ አደረገች። አንድ ጊዜ፣ አጭር፣ ፈጠን ያለ፣ ከእማማ ፀሐይ እንደሰማችው፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ። ከዚያ ትንፋሿን ያዘች።

ዮሴፍ ግንባሩን ቋጠረ። «ድገሚው» አላት።

ደገመችለት። የመዳፉ ሙቀት ወደ እሷ ሲሸሽ፣ ቦታው ቀዝቀዝ ሲል ተሰማው።

«ወደ ውስጥ?» አለ።

አዎ ብላ ራሷን ነቀነቀች።

ዞሮ እናቱን አየ። ያን ጊዜ ገባው። ለረጅም ጊዜ አያቸው፣ አፋቸውን፣ ደረታቸውን፣ ጣሪያው ላይ የቀረውን ዓይናቸውን። እጁን አሁንም ከታቢታ አልወሰደም።

«ከዚያስ?»

«ዝም» ብላ ጻፈችለት።

ዮሴፍ ወደ ታቢታ ዞረ። «እሺ ማለቷ ነው፣ ታቢታ? ወይስ እንዲሁ…» አልጨረሰውም።

ይህችን ጊዜ ታቢታ እስካሁንም አትረሳትም። ራሷን አንዴ ብትነቀንቅ ያበቃ ነበር። ራሔል እግርጌ ሆና በዓይኗ ትለምናታለች። ባሏ ደግሞ እንደ ሕፃን ነው የሚያያት። የሳቸውንም ፊት አየች፣ የኔ ልጅ ያሏትን ሴት ፊት። ምነው አንዴ ቀደም ብለው፣ ምላስ ሳላቸው፣ ያችን አንዲት ነገር ቢሏት ኖሮ! ተናደደችባቸው፤ በሞቱ ሰው መናደድ ነውር ነው፣ ግን ተናደደች። ሲናደዱባት ግን እጇ አይዋሽም፤ ስትናደድም አይዋሽም።

ጣቷን አነሣችና ጻፈች። ቀስ ብላ፣ አንድ በአንድ፣ እግሩን ሳትረሳ።

«አላውቅም።»

መዳፉ ላይ እንዲህ ያለ ረጅም ነገር ጽፋለት አታውቅም። ራሔል ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ዮሴፍ እጁን ጨብጦ ደረቱ ላይ አደረገው። ታቢታ ፈራች። አሁን ይጮህብኛል፣ ወይ ተነሥቶ ይወጣል፣ ወይ ከእንግዲህ እጁን አይሰጠኝም ብላ ፈራች። ሚስት ሆና ስትኖር እንደዚያ ፈርታ አታውቅም። ቤታቸው ውስጥ ለብቻዋ ስትኖር፣ ዝናቡ ዷ ሲል የምትነግረው ሰው ስታጣ ታያት።

እሱ ግን ወደሷ ዞረና አፏን አየ። አፏን፣ ቅድም መዳፉን ያስቀመጠችበትን።

«አጭር ነበረች?» አላት።

አጭር ነበረች አለችው በራሷ።

«እኔ ከጠየቅኳት በኋላ?»

ከጠየቅካት በኋላ።

ዮሴፍ፣ ለሱ ዝግ ባለ ድምፅ፣ ለሌላው ሰው ግን አጥር በሚሻገር ድምፅ፣ «እንግዲህ ያለችውን ብላለች» አለ። «አንቺ ካላወቅሽ ያወቀ የለም። የደረሰኝን እቀበላለሁ።»

ከዚያ የእናቱን ግራ እጅ በሁለት እጁ አነሣ። እጁ ገና ሙቀቱ አልወጣም፣ ለስላሳ ነው፣ ጣቶቹ ወደ ታች ተንጠልጥለዋል። ጎንበስ አለና ራሱ አናት ላይ፣ ጠጉሩ የሳሳበት ላይ፣ አስቀመጠው። እንዳይወድቅ በሁለት እጁ ደግፎ ያዘው። ዓይኑን ጨፈነ።

ራሔል ከነጠላዋ ቀና ብላ ይህን አየች። የሞተች እናት እጅ እንዲህ ይደረጋል ወይ፣ ደንብ ነው ወይ፣ ሰው ቢገባ ምን ይላል፣ ይህ ሁሉ ፊቷ ላይ መጣ። ልትነሣ ስትል ታቢታ ክንዷን ያዘቻት።

«ተዪው።»

«ታቢታ…»

«ተዪው አልኩሽ። እሱና እሳቸው ናቸው።»

ራሔል ተመልሳ ተቀመጠች። ወንድሟን አየችው፣ የጎበጠ ጀርባውን፣ ከራሱ ላይ የማይንቀሳቀሰውን የእናቷን እጅ። ከዚያ ይዛው የቆየችው ሁሉ ከሆዷ ተነሣና ኡኡ አለች። ኡኡታው ግቢውን ሞልቶ፣ ቆርቆሮውን አልፎ ወጣ። አባ ኮዳዎቹ ከዛፉ ሿ ብለው ተነሡ። የጎረቤት በር ጓ አለ፣ ሌላም በር፣ የሰው እግር ዱብ ዱብ እያለ ወደ ግቢው ይመጣ ጀመር፣ አንዲት ሴት ገና ከመንገዱ እማማን፣ እማማን እያለች ስትጣራ ይሰማል።

ታቢታ ሁሉንም ሰማች። ዮሴፍ ግን ሁለቱም እጆቹ ተይዘው ነበርና፣ ጣቷን ወደ ደረቷ ሰብስባ አጠገቡ ቁጭ አለች።